ቆጠራ

ጡሩምባው ሲጣራ ለስምንት ፈረቃ፣
እናቴ ትወጣለች ሻሿን አጥብቃ።
ከደጁ ዞር ብላ ጣቷን ትቀስራለች፤
ከ«ደኅና ዋዪ» በፊት እንዲህ ትለኛለች፦
«ሲወጡም ቁጠሪ፣ ሲገቡም ቁጠሪ፤
ከሦስቱ አንድ ቢጎድል፣ ‹እማ› ብለሽ አትጥሪ!»

አንሙት አምስት ዓመቱ፤ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣
ኪሱ በቆርኪና በጠጠር የተጨናነቀ።
ትሁኔ ሦስት ዓመቷ፤ ካልነኳት የማትነካ፣
ከነኳት ግን ለቅሶዋ
ከሽምብጥ የሚሰማ እስከ ፋብሪካ።
ሦስተኛው በአንቀልባ፤ ሁላችን «ማሙሽ» የምንለው፣
አንገቴን እንደ አሞሌ ቀኑን ሙሉ የሚልሰው።

እኔ ደግሞ ዘጠኝ።
(ዘጠኝ ዓመት ማለት፣ ያኔ፣ ትልቅ ሰው ነው፤
ክብሪት የሚያስነኩት፣ ቁልፍ የሚይዘው።)

ቅዳሜ ነው። የማሙሽን ጨርቅ በሳፋ ይዤ ወረድሁ፤
ሐይቁ ዳር ልስልስ ያለ ድንጋይ መረጥሁ።
ጣና ዝም ብሏል፣ ጡት እንደጠገበ።
በአንድ እግሯ ቆማ አንዲት ይብራ
ትተኛለች፣ አንገቷን ክንፏ ውስጥ ቀብራ።

አንድ ጨርቅ አጥቤ ቆጠርሁ፤ ሦስት።
ሌላ ጨርቅ አጥቤ ቆጠርሁ፤ ሦስት።
ከዚያ የጎረቤት ልጅ ብርቄ መጣች፣
«አንድ ዙር ብቻ» ብላ ቅልሞሽ ዘረጋች።
አንዱን ወደ ላይ፣ አራቱን በመዳፍ፤
ጠጠር ስቆጥር ልጅ መቁጠር ረሳሁ።

ቀና ስል
ትሁኔ አለች፤ ጭቃ ትጋግራለች።
ማሙሽ አለ፤ ላቡ ጀርባዬን ያርሰዋል።
አንሙት

ስሙን ጠራሁ። ደንገሉ ተንሾካሾከ እንጂ አልመለሰም።
ስሙን ጠራሁ። ይብራዋ አንገቷን አወጣች።
ሌሊት ሌሊት ከአልጋ ሆነን የምንሰማው
የጉማሬ ማጓራት በጠራራ ፀሐይ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ከዚያ አየሁት።
በሰው ታንኳ ላይ፣ ገመዱ በተፈታ፣
ጉልበቱን አቅፎ፣ ከዳር ሃያ ክንድ ርቆ።
ነፋስ የለም፣ ማዕበል የለም፤
ዝምታው ራሱ ነው የሚገፋው፣
ቀስ፣
ቀስ።
አይጮህም። አያለቅስም። አንድ እጁን ብቻ አንስቷል።

ማሙሽን ከነአንቀልባው ለብርቄ እንዴት እንዳሸከምኋት አላውቅም።
ውኃው ደረቴ ሲደርስ
መዋኘት እንደማልችል ትዝ አለኝ።

ደንገል የሚያጭዱት አባ እንድሪስ
በረጅም ዘንጋቸው ታንኳውን ጎተቱ፤
እኔንም በቀሚሴ ጎተቱ፣ እንደ ዓሣ መረብ።
አልተቆጡ፣ አላባበሉ፤
«ገመዴን ማን ፈታው?» ብቻ አሉ።

የአንሙትን አፍ ለማስያዝ
ሰባት ቆርኪና የራት ዳቦዬን ከፈልሁ።
እናቴ ማታ በአራት ሰዓት ገባች፣ ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ።
በኩራዝ ቆጠረች፤ ሦስት።
ከዚያ ፀጉሬን ዳሰሰች። እርጥብ ነበር።
ምንም አላለችም።
ኩራዙን ግን ቶሎ አላጠፋችም።

ይኸው አሁን አንሙት ራሱ ላይ ፀጉር ሳስቶበት
የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤ እጁ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።
ባለፈው ሐይቁ ዳር ዓሣ ጋበዘኝ፤
ያኔ ሳፋዬን ያስቀመጥሁበት አሁን ወንበርና ጃንጥላ ሆኗል።
ስንት ዓመት የፈራሁትን ጠየቅሁት፦
«ያን ቀን ፈርተህ ነበር?»

እሾኹን ከጥርሱ መሐል አወጣ።
«ለምን እፈራለሁ?
እኔ ቁጭ ብያለሁ እኮ፤ የራቅሽው አንቺ ነሽ።
ዳሩ ተነቅሎ ይዟችሁ ሲሄድ አየሁ፣
ከነሳፋችሁ፣ ከነጨርቃችሁ።
ምስኪኖች፣ ማን ሊመልሳቸው ነው ብዬ፣
እንዳትጠፉብኝ በጣቴ ቆጠርኋችሁ፦
እታለም፣ ትሁኔ፣ ማሙሽ።
ሦስት።»

ሌላ ዓሣ አዘዘ፤ ሎሚ ጨመቀ።
እኔ ከጠረጴዛው ሥር ጣቶቼን ይዤ
የሱን ሦስት ደግሜ ቆጠርሁ፤
አለሁበት።